ፀሐይ ከወጣች በኋላ፦ ራስን ስለ መከላከልና ስለ ደም ዕዳ



በቅርቡ አንድ እሑድ ፕሮግራም አልቆ ሰው ሻይ እየጠጣ ሳለ አንድ ወጣት ወንድም ፓርኪንጉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጋዝ ስቴሽን ውስጥ የሌሊት ሺፍት የሚሠራ፣ አገር ቤት እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚረዳ ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ሰው ሽጉጥ ደግኖበት በካሹ ውስጥ የነበረውን ገንዘብ ወስዶ ሄዷል። ሲያወራኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። “ፓስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለኝ። “ሽጉጥ ልግዛ? ገዝቼ ብተኩስና ሰውየው ቢሞት፣ እኔ በእግዚአብሔር ፊት ነፍሰ ገዳይ ነኝ?”

እኔም እንደ ልማዴ “አይዞህ፣ ጌታ ይጠብቅሃል፣ እንጸልይ” አልኩትና ጸለይን። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ አሳፈረኝ። መጸለያችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ የጠየቀኝን አልመለስኩለትም። ማክሰኞ ሌሊት ተመልሶ ከካውንተሩ ጀርባ የሚቆመው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ስለዚህ ዛሬ ለእሱም ለእናንተም ልመልስ። በመካከላችን ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አለ። ሱቅ ያለው አለ። ሴኩሪቲ የሚሠራ አለ። መሣሪያ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ያልነገረ አለ። ስለዚህ ነገር በመድረክ ስለማንናገር እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ይወስናል። ይህ ደግሞ ሰው ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

መጀመሪያ የምንኖርበትን አገር ሕግ እንይ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ዝርዝሩም ከስቴት ስቴት ይለያያል። መሣሪያ ያላችሁ የስቴታችሁን ሕግ ከሚያውቅ ጠበቃ ጠይቁ። መሠረቱ ግን በአሜሪካ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አንድ ሰው “የገደልኩት ራሴን ስከላከል ነው” ሲል አምስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል።

አንደኛ፣ ጥቃቱን ማን ጀመረው? ራሱ ጠብ ጭሮ፣ ራሱ ተማትቶ፣ ሲበረታበት ሽጉጥ የሚያወጣ ሰው ይህ ከለላ በቀላሉ አይሰጠውም።

ሁለተኛ፣ አደጋው አሁን ነው? ትናንት የዛተብህ ሰው “አሁን” አይደለም። ነገ ይመጣ ይሆናል ያልከው ሰው “አሁን” አይደለም። ጀርባውን ሰጥቶህ የሚሮጥ ሰውም በአብዛኛው “አሁን” አይደለም።

ሦስተኛ፣ የወሰድከው እርምጃ ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል? ሰውን ሊገድል የሚችል ኃይል የሚፈቀደው በመሠረቱ ሞትን፣ ከባድ የአካል ጉዳትን፣ ጠለፋን ወይም አስገድዶ መድፈርን ለማስቆም ነው። ለጥፊ ጥይት አይመለስም።

አራተኛ፣ ሌላ መንገድ ነበረህ? እዚህ ላይ ስቴቶች ይለያያሉ። በሜሪላንድ ከቤትህ ውጭ ከሆንክ፣ ያለ አደጋ መሸሽ ከቻልክ መሸሽ ይጠበቅብሃል፤ በቤትህ ውስጥ ግን አይጠበቅብህም። ፍሎሪዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ፣ በሕጋዊ መንገድ በተገኘህበት ቦታ ሁሉ የመሸሽ ግዴታ የለብህም አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ስቴቶች ተከትለዋታል።

አምስተኛ፣ ፍርሃትህ ምክንያታዊ ነበር? “ፈርቼ ነበር” ማለት ብቻ አይበቃም። በአንተ ቦታ የቆመ ሌላ አስተዋይ ሰው፣ አንተ ያየኸውን አይቶ፣ ሕይወቴ አደጋ ላይ ናት ብሎ ያምን ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ የፈረንጅ ሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ለይቶ ያያል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ያለፈ ሰው ሕጉ “አልቀጣህም” ይለዋል። “ደግ አደረግህ” ግን አይለውም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ክርስቲያን የሚኖረውም እዚያ ቦታ ላይ ነው።

የጨለማው ሌባና የቀኑ ሌባ

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ዘጸአት 22፥2-3 ላይ ክፈቱና ራሳችሁ አንብቡት። በራሴ አነጋገር ላጠቃልለው። ሌባ ቤት ሲሰረስር ተይዞ ቢመታና ቢሞት፣ ባለቤቱ የደም ዕዳ የለበትም። ነገር ግን ይህ የሆነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ዕዳ አለበት። ሌባው መክፈል ያለበት የሰረቀውን ነው፤ ነፍሱን አይደለም።

ሰውየው ያው ሌባ ነው። ቤቱም ያው ቤት ነው። የተለወጠው ምንድን ነው? ብርሃን መጣ። በጨለማ ባለቤቱ አያይም፤ የገባው ሰው ሊሰርቅ ይሁን ሊያርድ አያውቅም፤ ጎረቤትም ተኝቷል። ልጆቹ አጠገቡ ናቸው። እግዚአብሔር የዚህን አባት ፍርሃት ያውቃል፤ አይፈርድበትም። ፀሐይ ስትወጣ ግን ያያል፤ ይጮኻል፤ ሰው ይደርስለታል፤ ሌባውን ይለየዋል፤ ዳኛ አለ። ከዚያ በኋላ የሚሰነዘር ምት መከላከል አይደለም። ሌላ ነገር ነው።

የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ቤት ሰርስሮ የገባ ሰው በዚያው በሰረሰረው ቀዳዳ ፊት ይገደል ይል ነበር። የሙሴ ሕግ ግን የሌባውንም ደም ቆጠረ። ያ ሌባ የእግዚአብሔር መልክ አለበት። ሕግ ስላፈረሰ መልኩ አልተፋቀም።

እንግዲህ ሕጉ “አደጋው አሁን ነው ወይ?” ብሎ የሚጠይቀውን ቃሉ “ፀሐይ ወጥታለች ወይ?” ብሎ ይጠይቀናል። የዛሬው መልእክቴ ከዚህ አይዘልም። ሕይወትን መከላከል ይቻላል። ንብረትን፣ ክብርንና ቂምን ግን በሰው ደም ማስከበር አይቻልም። ከባዱ ነገር ፀሐይዋ የምትወጣው በሰከንድ ውስጥ መሆኑ ነው።

ከካውንተሩ ጀርባ

ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ሴሚነሪ ስማር የትምህርት ቤት ክፍያዬን ለመሙላት በአንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሌሊት እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ገባ። ብሩን ሰጠሁት። እግሬ ከድቶኝ ነበር፤ ጌታን ስጠራ እንኳ ድምፄ አልወጣም። ብሩን ኪሱ ከተተ፣ ዞረ፣ ወደ በሩ ሄደ።

ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ? ጀርባውን ሳየው ፍርሃቴ ጠፋ። ካውንተሩ ሥር ባለሱቁ ያስቀመጠው የብረት ዘንግ ነበር፤ እጄ ላይ አገኘሁት። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ጭንቅላቱን ላገኘው እችል ነበር። ልቤ ያው እንደ ቅድሙ ይመታል፣ ላቤ ያው ላብ ነው። ግን አሁን ፍርሃት አልነበረም። ቁጣ ነበር። “አንተ ማን ነህና ነው የምታንበረክከኝ?” የሚል ቁጣ።

አልመታሁትም። ስለ ቅድስናዬ አይደለም፤ በሩ ተዘግቶ ስለቀደመኝ ነው። ብመታው ኖሮ ለፖሊስ “ፈርቼ ነው” እል ነበር፤ ምናልባትም ራሴን አሳምን ነበር። ፍርሃትና ቁጣ በልብ ምት አይለዩም ወገኖቼ። የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ፍርሃት አደጋው እንዲሄድ ይፈልጋል፣ ቁጣ ግን አደጋው ሲሄድ ይከተለዋል።

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ላታሻ ሃርሊንስ የምትባል የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ አንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ ልትገዛ ሱቅ ገባች። ዋጋው 1 ዶላር ከ79 ሳንቲም ነበር። ጭማቂውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ገንዘቡን በእጇ ይዛ ነበር። ባለሱቋ ከኮሪያ የመጣች እናት ናት፤ እንደ እኛው ስደተኛ፣ ቀን ከሌት የምትለፋ፣ ስርቆትና ዝርፊያ ያንገሸገሻት። ሌባ መሰለቻት፤ ያዘቻት። ልጅቷ መታቻት። ባለሱቋ ወደቀች፤ ተነሣች። ከዚያ ልጅቷ ጭማቂውን ትታ ዞራ ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ጭንቅላቷን በጥይት መታቻት። ካሜራው ሁሉንም ቀርጾታል። ብሩ እጇ ውስጥ ተገኘ።

ጁሪው ባለሱቋን በሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ አላት፤ ዳኛዋ ግን እስር ቤት አላስገባቻትም። አምስት ዓመት በገደብ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 500 ዶላር ቅጣት ወሰነችባት። በዓመቱ ሎስ አንጀለስ ስትነድ፣ ብዙ የኮሪያውያን ሱቆች ሲቃጠሉ፣ የዚህች ልጅ ደም አንዱ ምክንያት ነበር።

ይህን የማወራው በሴትዮዋ ላይ ልፈርድ አይደለም። ዘንጉ በእኔም እጅ ነበር። ግን ተመልከቱ፤ ልጅቷ ፊቷን ያዞረችባት ቅጽበት ፀሐይ የወጣችበት ቅጽበት ነበረች። ደግሞም ይህንን እንጠይቅ፤ እዚህ አገር ሱቃችን የሚገባውን ጥቁር ወጣት ገና ከበር ስናየው ምን ብለን ነው የምናየው? በአማርኛ ምን ብለን ነው የምንጠራው? አምስተኛው ጥያቄ ፍርሃትህ ምክንያታዊ ነው ወይ ይላል። የፍርሃታችን ምክንያት የሰውየው እጅ ነው ወይስ ቆዳው? እኛም በሌላ ሰው ዓይን ያንኑ ቆዳ የለበስን መሆናችንን አንርሳ።

“ሌላኛውን ጉንጭ”ስ?

አንዳንዶቻችሁ “ፓስተር፣ ጌታ ሌላውን ጉንጭህን ስጥ አላለም ወይ?” ትሉኛላችሁ። ብሏል፤ ማቴዎስ 5፥39። ቃሉን ግን በደንብ አንብቡት፤ ቀኝ ጉንጭ ይላል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ቀኝ ጉንጭህን የሚመታህ በእጁ ጀርባ ነው። ያ ንቀት ነው፣ ውርደት ነው። ጌታ እዚያ ላይ የሚናገረው ልጁን ሊያርዱበት ለመጡበት አባት አይደለም፤ ክብሩ ለተነካበት ሰው ነው። ለእኛ ደግሞ ይህ ይከብደናል። እኛ ለልጅ “ደመላሽ” ብለን ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን። የተሰደበ ሰው ዝም ሲል “ወንድ አይደለም” እንላለን። ስለዚህ ይህ ቃል መጀመሪያ የሚነካው ሽጉጣችንን ሳይሆን ኩራታችንን ነው።

የቀደሙት አባቶችም በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልነበሩም። አውግስጢኖስ ወታደር ወይም ባለሥልጣን ያልሆነ ሰው የራሱን ነፍስ ለማትረፍ ሌላውን መግደሉን አልደገፈም። ቶማስ አኲናስ ደግሞ ሰው ሐሳቡ ነፍሱን ማዳን ከሆነ፣ ኃይሉም ከሚያስፈልገው ካላለፈ፣ አጥቂው ቢሞት ኃጢአት አይሆንበትም አለ፤ ካለፈ ግን ይሆንበታል። አገር ቤት የምናውቃት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥሯ ከሜኖናይቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 ሆላንድ ውስጥ ከእነዚህ ወገን የሆነ ዲርክ ቪለምስ የሚባል ሰው ከእስር አምልጦ በበረዶ ላይ ሲሸሽ፣ የሚያሳድደው ሰው በረዶው ተሰብሮበት ውኃ ውስጥ ገባ። ዲርክ ተመልሶ ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ተያዘና በእሳት ተቃጠለ።

እኔ ማንም ሰው በምንም ሁኔታ እጁን አያንሣ ከሚሉት ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልጆቼ ላይ ቢመጣ መሃል እገባለሁ። ግን ዲርክን ሳስብ አፌን እዘጋለሁ። ጌታም በጌቴሴማኒ ጴጥሮስ በሰይፍ የቆረጠውን ጆሮ መልሶ ፈወሰ። ሊታሰር ባለበት ሰዓት የጌታ እጅ ደቀ መዝሙሩ ያበላሸውን ሲጠግን ነበር።

ሕጉ ከሚፈቅደው በፊት መቆም

ቴክሳስ ያላችሁ ወገኖች ታውቁት ይሆናል፤ እዚያ ሕጉ ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ በሌሊት የሚፈጸም ስርቆትን ለማስቆም እንኳ ገዳይ ኃይል መጠቀምን የሚፈቅድበት አጋጣሚ አለ። እንግዲህ ሕጉ ፈቀደልህ እንበል። ሰውየው ቴሌቪዥንህን ተሸክሞ ግቢህን እየለቀቀ ነው፤ አይተኸዋል፣ አንተም ቤተሰብህም ደኅና ናችሁ። ብትተኩስ ላትታሰር ትችላለህ። ግን ክርስቶስ ለዚያ ሰው ሞቷል። ለቴሌቪዥን አልሞተም።

ለእህቶቼ አንድ ቃል ልጨምር፤ በተለይ በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩት። ከላይ የተናገርኩትን ማንም “ዝም ብለሽ ተቀበይ” ብሎ እንዳይተረጉምባችሁ። ዘዳግም 22፥25-27 በሜዳ የተደፈረችውን ሴት አንዳች ኃጢአት የለባትም ይላል፤ የተፈጸመባትንም ከነፍስ ግድያ ጋር ያመሳስለዋል። ሊደፍርሽ የመጣውን ሰው መግፋት፣ መጮኽ፣ መታገል፣ በር ሰብሮ መውጣት አለመታዘዝ አይደለም። አምላክሽ ከአንቺ ጋር ነው።

ለዚያ ወንድሜ የምሰጠው መልስ

ወንድሜ፣ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰው ሊገድልህ ወይም አጠገብህ ያለውን ሰው ሊገድል ባለበት ሰዓት፣ ሌላ መንገድ ስታጣ እጅህን ብታነሣና ሰውየው ቢሞት፣ ነፍሰ ገዳይ አይደለህም። ታለቅሳለህ እንጂ አትኮነንም። ገንዘቡን ይዞ ከዞረ በኋላ ከሆነ ግን፣ ሕጉ ቢያልፍህ እንኳ ከጌታ ጋር የምትነጋገረው ነገር አለህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ብሩን ስጠው። የባለሱቁ ካሽ ከአንተ ነፍስ አይበልጥም፤ ከእሱም ነፍስ አይበልጥም።

መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት ሕጉን ተማር፣ አያያዙን ሠልጥን፣ ቤት ውስጥ ልጅ በማይደርስበት ቆልፈህ አስቀምጥ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በቤትህ ውስጥ የተጨነቀ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ፣ ያ ሰው አንተም ብትሆን፣ ያንን መሣሪያ ቤትህ አታስገባው። ለእኔ ደውልልኝ፤ ሐኪምም ጋ አብረን እንሂድ።

ከዚያ ልብህን መርምር። “ይምጣና አሳየዋለሁ” የሚል ነገር በውስጥህ ካለ፣ ሽጉጡ ገና ሳይገዛ ተኩሷል። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይሉ የለም አባቶቻችን? የዘረፈህን ሰው ስሙን ባታውቀውም በየቀኑ ጸልይለት። በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ አዲስ ሰው መሆን አይቻልም፤ የሚወጣው አስቀድመህ ያከማቸኸው ነው።

እኛም ቤተ ክርስቲያን ድርሻችንን እንወጣ። ልጁን “ጌታ ይጠብቅሃል” ብለን ወደ ሌሊት ሺፍት ብንሸኘው ምን ጠቀምነው? የቀን ሥራ የምታውቁ፣ ሠራተኛ የምትፈልጉ፣ ከፕሮግራም በኋላ አግኙኝ። አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሥራ ማፈላለግ ነው።

በመጨረሻ፣ በመካከላችን እጁ ላይ ደም ያለበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አገር ቤት በጦርነት፣ በመንገድ ላይ፣ ራሱን ሲከላከል ወይም ከዚያ አልፎ። ለማንም ያልነገርከው አለ። ዘኁልቍ 35ን አንብብ። ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል፤ እዚያም ይጠበቃል፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግን ሊቀ ካህናቱ ሲሞት ነው። አስተውል፤ ሆን ብሎ ያልገደለው ሰው እንኳ ነፃ የሚወጣው በካህን ሞት ነበር። የእኛ ሊቀ ካህናት ሞቷል ወንድሜ። ወደ ቤትህ መመለስ ትችላለህ። ብቻህን ግን አትምጣ፤ ና፣ አብረን እንጸልይ።

ጌታ እጆቻችንን ይጠብቅ። ከሚገድሉን ይሰውረን፤ ከመግደልም ይሰውረን። አሜን።